ሁለት መንጠቆ

ካሸር ቁጥር ሦስት ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ፤
የወለደ ቤትና ያዘነ ቤት ከቅርጫቱ አውቃለሁ።
ቤሌም ከተማችን ዝናብ ቀጠሮ አያፈርስም፣
ከሰዓት ይመጣል፣ ሳይወርድ አይመለስም።

ሉሲዳልቫ ናት ጎረቤቴ፣ ካሸር ቁጥር አራት፣
ሆዷ የገንዘብ መሳቢያውን መግፋት ጀመረባት።
የአገራችን ወግ ነው፤ ከልጁ በፊት ስጦታው ይገባል፣
ሴቱ ይሰበሰባል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ይሳቃል።
እናት ጥቅሉን በእጇ ዳብሳ ትገምታለች፤
ከሳተች በሊፕስቲክ ፊቷን ትቀባለች።

ሳምንቱን ሙሉ ስጦታው ሁሉ በእኔ እጅ አለፈ።
ጁራሲ ከሥጋ ክፍል ነጭ ጫማ አመጣች፣
አውራ ጣት የምታህል፣ ሪባን ያላት፣
ሶሏ መሬት ምን እንደሆነ የማታውቅ።
ዋጋውን ነገርኳት፣ አፌን ያዝኩ።
ጫማ ለማን? ሳይቆም ለሚውል? ሳይሄድ ለሚከርም?
ዛሬ ለምትሰፋው፣ ነገ ለማትጠቅም?
የሥራ አስኪያጁ ሚስት የሐር ቀሚስ ላከች፣
በእጅ ብቻ የምትታጠብ።
የአራስ እጇ ስንት ነው ልበል?
ዳይፐር የመረጡ ብልሆች ናቸው፤ ግን ሁሉም ትንሿን ቁጥር፤
ልጅ ደግሞ እንደ ዱባ ነው፣
ሲያዩት አያድግም፣ ዘወር ሲሉ ክምር።

እኔ የወለድኩት በየካቲት፣ ሰማይ በተቀደደ ሰሞን፤
አሥራ ሰባት ሽንት ጨርቅ ገመድ ላይ፣
ሦስት ቀን፣ አንድም አልደርቅ ብሎን።
ስጦታ ነበረኝ፣ አልካድኩም፤
የሸክላ መልአክ፣ ክንፉ ወርቅ ቅብ፣
መደርደሪያው ላይ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ አየኝ፣
አንድ ጨርቅ እንኳ ሳያነሣ።
ወገቤ ተቆርጦ፣ ቁጭ ብዬ ማጥባት ሲያቅተኝ
ዥዋዥዌ አልጋዬ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ነበር፤
መንጠቆው ከግድግዳው ወጥቶ፣
ባሌም በጀልባ ወጥቶ።
ሁለቱም ሳይመለሱ ዝናቡ አባራ።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ የብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ።
ሽማግሌው ኦሪቫልዶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ለጀልባ ነው?» አለኝ።
«ለአራስ» አልኩት።
ዝም አለ። ወፍራሙን መረጠ፣ በመዳፉ መዘነ፣
«ይሄ ሁለት ነፍስ ይችላል» አለ፣
አራት ብሎን ጨምሮ፣ ዋጋውን ቀንሶ።

እሁድ። ፊኛ። ኬክ።
የሉሲዳልቫ ጉንጭ አስቀድሞ በቀይ ተዥጎርጉሯል።
የእኔን ጥቅል አነሣች፤ ክብደቱ እጇን ጎተተው።
«ድስት?» ሳቅ።
«ቆይ፣ ቆይ… የበር ቁልፍ?» ሳቅ።
አፍንጫዋን ቀቧት። ፈታችው።
«ለልጅ ነው ወይስ ለበሬ ሥጋ?» አለች ጁራሲ፣
ሙያዋ ነውና ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው፤ እኔንም ጨምሮ።
መሰርሰሪያው ግን በቦርሳዬ ነበር።
«ነይ፣ እዚህ ቁሚ» አልኳት፣ ከመስኮቱ አጠገብ፤
ትከሻዋን ለካሁ፣
ነፋስ የሚገባበትን፣ እግሯ መሬት የሚነካበትን፣
በአንድ እጇ ውሃ የምታነሣበትን ለካሁ።
ግድግዳውን በሳሁ።
አቧራው ኬኩ ላይ ወረደ፤ ይቅርታ አልጠየቅሁም።

በመጋቢት፣ ዝናቡ በቀጠሮው ሲወርድ፣ መጣች፤
ልጁ ደረቷ ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፤
አራተኛው ባዶ ሳለ የእኔን ሰልፍ ጠበቀች።
ነጯን ጫማ ከነወረቀቷ ፊቴ አስቀመጠች።
ገንዘቡን መለስኩ።
በዚያው ሁለት የልብስ ሳሙና ገዛች፣
አንድ ጥቅል ዳይፐር፣ ትልቁን ቁጥር፤
ከኪሷም ጥቂት ጨመረች።
«ጁራሲ እንዳትሰማ።»
«ምኑን?» አልኳት፣ ደረሰኙን እየቆረጥኩ።

በሩ ላይ ዞር አለች፤
ዝናቡ ድምፅዋን ሊውጠው ሲል ያዝኩት፦
«መንጠቆው ጸንቷል።»